በሁለት ጾም መካከል ያደገው ውሻ

ቤት የሚከራይ ሰው የሚጠይቀው ነገር ይታወቃል። ውሃው ይመጣል ወይ፣ ታክሲው ቅርብ ነው ወይ፣ አከራዩ እዚያው ግቢ ነው የሚኖረው ወይስ ሌላ ቦታ። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነበር። «ውሻ ይቻላል?» እላለሁ። ደላሎቹ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥለው ጫማዬን ያያሉ። ውሻ ይዞ ቤት የሚፈልግ ሰው ወይ ፈረንጅ ነው ወይ ትንሽ ነካ ያደርገዋል ብለው ነው የሚያስቡት። እኔ ፈረንጅም አይደለሁም፣ አእምሮዬም ደህና ነው። ልደታ ተወልጄ ልደታ ያደግሁ፣ ጾሜን የምጾም፣ መንግሥት ቢሮ ውስጥ ስተይብ የምውል ጸሐፊ ነበርኩ።

የውሻውን ስም አልጽፈውም። የሰዎቹን ስም ሁሉ ትቼ የውሻውን ብቻ ብጽፍ የምትቀየመኝ አንዲት ሴት አለች፤ የእሷን ኩርፊያ ደግሞ አልችለውም።

ያገኘሁት በክረምት ነው። ያኔ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሸራ ወጥረው ይቀመጡ ነበር። ከቢሮ ስወጣ ዝናቡ ያዘኝና ከአንዱ ሸራ ሥር ተጠለልኩ። እግሬ አጠገብ አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቡናማ ቡችላ ነው፤ አንድ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ተኝቷል። ጸሐፊው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው እንዳለና ባለጉዳይ ሁሉ እየረገጠው እንደሚያልፍ ነገረኝ። ዝናቡ ሲያባራ በሻርፔ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ለአንድ ሌሊት ብዬ ነበር፤ እንግዲህ ሰው ሲያስብ እንዲህ ነው።

ግቢያችን ከልደታ ማርያም ጀርባ፣ አራት ቤት ተጣብቆ የቆመበት የቀበሌ ግቢ ነበር። አንዱ ቤት የእናቴና የእኔ ነው፤ እናቴ ካረፈች በኋላ የእኔ ብቻ ሆነ። ፊት ለፊቴ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ባልና ሚስት ይኖራሉ። ባልየው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከመኪናቸው ቀና የሚሉት ለሶላትና ለምሳ ብቻ ነው። ሚስትየዋ በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች፣ ግን «አንቱ ካልሽኝ አረጀሁ ማለት ነው» ብላ አንቺ እንድላት ያዘዘችኝ እሷው ናት። ስለዚህ እዚህም ላይ እሷ እያልኩ ብጽፍ ንቄ አይደለም።

ቡችላውን ያየች ዕለት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። «ይኼን ነገር ከደጄ አርቂልኝ» አለችኝ። እንደ እነሱ ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ሰባት ጊዜ የሚያሳጥብ ውሃ ደግሞ በእኛ ቧንቧ የሚታሰብ አልነበረም። ደጅሽን አያይም ብዬ ቃል ገባሁላት። ቃሌን ያከበረልኝ ራሱ ውሻው ነው። እንዴት እንደገባው አላውቅም፣ ከእሷ ደጃፍ ራቅ ብሎ ከቧንቧው ሥር ይቀመጣል እንጂ አይጠጋም። እሷም እያየችው «አሁን ይኼ ምን ይፈልጋል?» ትላለች፣ እሱም ያያታል። ሲተያዩ ይውሉ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ከእኔ ቤት ሽሮና ጎመን እንጂ ሌላ አይወጣም፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶችም ተዘግተዋል። ውሻዬ ሽሮ ፍትፍቱን ያሸትተዋል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ትቶት ይሄዳል። እኔም ከተራበ ይበላዋል ብዬ ጨከንኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግን ከቧንቧው ሥር ተጋድሞ አጥንት ይቆረጥማል። አጠገቡ የዱቄት ወተት ጣሳ ተቀምጧል፣ ውስጡ መረቅ የነካው እንጀራ አለ። ጎረቤቴ ከደጃፏ ቆማ፣ እኔ ምንም ሳልናገር፣ አጥንቱን እንዳልሰጠችውና ወድቆ እንዳገኘው ነገረችኝ። ጣሳውም ወድቆ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።

እንዲህ ተጀመረና ዓመታት ቀጠለ። እኛ ስንጾም ከእነሱ ቤት ይበላል፣ በረመዳን ቀን ቀን የእነሱ ማድቤት ሲቀዘቅዝ ከእኔ ቤት ይበላል። የገና ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ዓመትማ የሁለታችንም ቤት ቀን ባዶ ሆነበትና አዛን እየጠበቀ ከእነሱ ጋር ማፍጠር ጀመረ። ድምፁ ከመስጊዱ ሲሰማ ተነሥቶ ይንጠራራና ጣሳው አጠገብ ይቆማል። ሰፊው በሳቅ ሲንፈቀፈቁ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

የበዓሉን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። ስለዚህ ለፋሲካ እነሱን ለመጥራት ዶሮ ለብቻ ይገዛል፤ ሰፊው ቢስሚላ ብለው ያርዱታል፣ በራሳቸው ድስት ይሠራል፣ ከዚያ እኔ ቤት መጥተው አብረን እንቀመጣለን። በዒድ ደግሞ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የጾም ይመስል ምስርና አልጫ ለብቻ ይሠራልናል፣ እነሱ ሥጋቸውን ይበላሉ። ማንም ቅር አይለውም፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በግቢው ውስጥ የሁለቱንም ቤት ሥጋ የሚበላ ውሻው ብቻ ነበር። በበዓል ሆዱ ተነፍቶ ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ ሳየው እቀናበት ነበር።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ልደታ ይፈርሳል መባል ተጀመረ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፣ ቀጥሎ ስብሰባ ሆነ፣ ከዚያ በየግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። የእኛ ግቢ ቁጥር ሲጻፍ ውሻዬ ቀለም የያዘውን ሰውዬ አጥር ድረስ አሳደደው፤ ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ልቤ ግን ከውሻው ጋር ነበር።

ለእኔ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ አራተኛ ፎቅ። ሰው ሁሉ እልል አለልኝ። ልየው ስሄድ ከሕንፃው ኮሚቴ አንዱን አገኘሁና ጥያቄዬን ጠየቅኩት። ውሻ ፈጽሞ እንደማይቻል፣ የጋራ ደረጃ እንደሆነና ሕፃናት እንዳሉ አስረዳኝ። ሰውዬው ልክ ነው። ግን በዚያው ሳምንት ጥምቀት ስለነበር በጋራው ደረጃ ላይ ሁለት በግ እየተጎተተ ሲወጣ አየሁ። በግ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ውሻ አይወጣም። በጉ ስለማይመለስ ይሆናል አልኩ።

የቢሮ ጓደኞቼ ለዘበኛ ስጪው አሉኝ። ሌሎች እዚያው ተይው፣ ውሻ ነው ይለምዳል አሉኝ። መልመዱን ግን እያየሁት ነበር። ቀድመው የፈረሱት ግቢዎች ውሾች ከፍርስራሹ አልተነሡም፤ በር የነበረበት ቦታ ተኝተው፣ የማይመጣ ሰው ይጠብቃሉ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። ከመካከላቸው በስም የማውቃቸው ነበሩ። የእኔን ከእነሱ ጋር ላየው አልቻልኩም። ኮንዶሚኒየሙን አከራይቼ፣ በኪራዩ ውሻ የሚቀበል ግቢ ላገኝ ወሰንኩ። ከእናቴ ቤት የቀረኝ ሕይወት ያለው ነገር እሱ ነበር፤ ይኼን ለደላላ አይነግሩትም እንጂ እውነቱ ይኼ ነው።

ደላላው ልብ ያለው ሰው ነበር፣ ብዙ አዞረኝ። ቄራ ወሰደኝ፤ ለውሻ ገነት ነው አለኝ፣ አጥንት እንደ ልብ ነው። ገነቱ ግን ባለቤት ነበረው። የሰፈሩ ውሾች ከመንገዱ ዳር ተሰልፈው የእኔን ሲያዩት፣ ሊያስገቡት እንዳላሰቡ ለእኔም ለእሱም ገባን። ሌላ ቦታ አከራዩ ውሻውን በጣም ወደዱት፣ ግን ቀን ቀን በሰንሰለት እንዲታሰር አዘዙ። ሌላ ቦታ ደግሞ ውሻውን ፈልገው እኔን አልፈለጉኝም። «ሴት ብቻዋን ናት፣ እንግዳ ይበዛባታል» አሉ መሰለኝ።

በመጨረሻ አየር ጤና አካባቢ ያለውን ግቢ አገኘን። የድንጋይ አጥር፣ ሰፊ ሣር፣ ጥላ የሚጥል የአቮካዶ ዛፍ። አከራይዋ በዕድሜ የገፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይለዩ እመቤት ናቸው፤ ተከራዮቹ ሁሉ እንደ እሳቸው ጨዋ። ሌባ ስላስቸገረ ውሻ ራሳቸው ሊያመጡ አስበው እንደነበር ነገሩኝ። ውሻዬ በሣሩ ላይ ሲሮጥ አይቼ እዚያው ቀብድ ሰጠሁ።

የዚያን ዕለት ጎረቤቴ ጋ ደወልኩ። እነሱም ገና ቤት እየፈለጉ ነበር። ቤተ መንግሥት አገኘሁ ብዬ ስለ አጥሩ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ሣሩ ጉራዬን ነዛሁባት። ሰማችኝና ጎረቤቶችሽ እነማን ናቸው አለችኝ። ሁሉም ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው አልኳት። አልሐምዱሊላህ፣ ደግ ነው አለች። ከዚያ፣ «ሁዳዴ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ። ለበዓሉ ልትመጣ አስባ መሰለኝና ቀኑን ነገርኳት።

ሁዳዴ ሲገባ ገባኝ። ቤት ስመርጥ አጥር አየሁ፣ ሣር አየሁ፣ ዛፍ አየሁ፤ ውሻዬ ከእናቱ ጡት ከተለየ ጀምሮ ሁዳዴን ማን እንዳሻገረው አላየሁም። በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ የፍስክ ጠብታ የለም። ሽሮውን አሸተተ፣ አየኝ፣ ትቶት ሄደ። አሁን ግን ወጣት አይደለም፤ ጎድን አጥንቱ ቶሎ ታየ።

ስለዚህ ከሥራ ስወጣ መርካቶ ጎራ እያልኩ ከሙስሊም ሥጋ ቤት አጥንት መግዛት ጀመርኩ። በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ አስገባለሁ፣ በሬን ዘግቼ በማልጠቀምበት አሮጌ ድስት እቀቅላለሁ። አጥንት ሲቀቀል ግን በር አያግደውም። በዐቢይ ጾም፣ በጾመኛ ግቢ መካከል፣ ከአንዲት ብቻዋን ከምትኖር ሴት ቤት የሥጋ ሽታ ይወጣል። ፌስታሉን ደግሞ አንዷ ተከራይ መርካቶ ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደያዝኩት በዓይኗ አይታ ኖሯል። በአንድ ድስት ጾሙንም ሻርኩት፣ ሃይማኖቴንም ለወጥኩት።

ማንም ፊት ለፊት አልተናገረኝም፤ ጨዋ ሰፈር ነው አልኩ አይደል። ሰላምታቸው አጠረ፣ ጠዋት ደጃፌ ላይ ጸበል ተረጭቶ አገኛለሁ። ኋላ የአከራይዋ የነፍስ አባት መጡ። ረጋ ያሉ ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ ልጄ፣ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ ወይ ብለው በዘዴ ጠየቁኝ። ከዛፉ ሥር የተኛውን አሳየኋቸው፣ ድስቱንም ከፍቼ አሳየኋቸው። ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «እሱ ክርስትና አልተነሣ፣ ጾም የለበትም» አሏቸው ለአከራይዬ። አከራይዬም በአክብሮት ሰሙና፣ «አዎ አባ፣ ሽታው ግን እኛ ቤት ነው የሚገባው» አሉ።

ሌላም ቅሬታ ነበራቸው፤ እሱንም ያኔ አወጡት። ውሻው አይጮህም። ገና ከመጣ ጀምሮ በር ሲንኳኳ ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ይተኛል። እንግዳ ቢገባ፣ ሌባ ቢገባ ግድ የለውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይኼ ግን እዚህ ያለም አይመስለው» አሉኝ። እንደ ክፋት አላሉትም፣ እንደዚያም ቢሉት ይሻለኝ ነበር። ከፋሲካ በፊት ወይ ውሻውን ሌላ ቦታ እንዳደርገው ወይ ቤቱን እንድለቅላቸው በትሕትና ለመኑኝ።

ደላላዬን እንደገና ጠራሁት። በዚህ ጊዜ የምፈልገውን አውቄ ነበር። አጥር አልፈልግም፣ ሣር አልፈልግም፣ ሙስሊም ጎረቤት ያለበት ግቢ ፈልግልኝ አልኩት። በሐዘኔታ አየኝ። እህቴ፣ ሙስሊም እኮ ውሻ አይወድም አለኝ። እኔ የማውቃት ትወዳለች አልኩት። ይህን ስል ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ያልደወልኩላት ስለ ቤተ መንግሥቱ የነዛሁት ጉራ አስሮኝ ነው።

ስታነሣው ስለ ጤና፣ ስለ ባሏ ወገብ፣ ስለ አየሩ ጠየቅኳት። ሁሉንም በትዕግሥት መለሰችልኝ። በልደታ ካልፈረሰው ወገን፣ ከአንድ ጡረተኛ ሾፌር ግቢ ውስጥ ተከራይተዋል። ጥያቄዬ ሲያልቅብኝ፣ «ከስቷል አይደል?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት።

«አብሽሪ። እሑድ ይዘሽው ነይ። እዚህ አንድ ክፍል ባዶ ነው።»

ታክሲ ውሻ አይጭንም፣ ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእግራችን ወጣን። ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ገመዱን እየጎተትኩት ሄድኩ፤ ከጦር ኃይሎች ወዲህ እሱ እኔን ይጎትተኝ ጀመር። ሰፈራችን ሲደርስ ቆመ። ግቢያችን የነበረበት ቦታ ብሎኬትና አሸዋ ተቆልሏል፤ ቧንቧው የነበረበትን አሸትቶ አሸትቶ አገኘውና ትንሽ ተቀመጠ። እኔም ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጎትተው አልደፈርኩም። ሲበቃው ራሱ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ።

አዲሱ ግቢ ጠባብ ነው። ሣር የለውም፣ ዛፍ የለውም፣ አጥሩም ቆርቆሮ ነው። ጎረቤቴ በሩን ከፈተችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። ከላይ እስከ ታች አየችው። «ወዲያ በል፣ አትጠጋኝ» አለችው። እሱም እንደ ድሮው አልተጠጋም፤ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ጭራውን መሬት ላይ ይመታል። እሷ ገብታ ጣሳውን ይዛ ወጣች። ያው የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ዝገቱ ታጥቧል፣ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከቤታቸው ስንቱን ዕቃ መኪና ላይ አልበቃ ብሎ ጥለው እንደወጡ አውቃለሁ።

እየበላ እያለ ከጓሮ በኩል የግቢው ባለቤት፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ብቅ አሉ። ውሻዬ ከጣሳው ቀና አለ። መረቁ ከአፉ እየተንጠባጠበ ጮኸ፣ እንደ ወጣትነቱ፣ ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ። ከልደታ ከወጣን ወዲህ ሲጮህ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ የጮኸውም በራሳቸው ግቢ በባለቤቱ ላይ ነው። እኔ አፍሬ ልይዘው ስሮጥ ሽማግሌው እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

«ተይው። ይኼ ነዋ የሚመጣው?» አሉ፣ ወደ ጎረቤቴ እያዩ። እሷ ፊቷን አዙራ ማድቤት ገባች።

አልገባኝም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«እነዚህ ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ፣ ገና ክፍሉን ሳላሳያቸው ሴትዮዋ ውሻ ይፈቀዳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሙስሊም ናቸው፣ ውሻ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ገረመኝ። ውሻ አላችሁ እንዴ ብላቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ?»

ጎረቤቴ ከማድቤት ውስጥ እንዲተዉት ነገረቻቸው። ሽማግሌው አልተዉትም።

«‹የለንም። ግን በሁዳዴ ይመጣል› አሉኝ።»